ጥቂት ቦታዎች ላይ ይዘንባል

በእኛ ቀበሌ ሰርግ በተጠራ ቁጥር፣ ምግቡ ከተነሳ በኋላ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርግና «የዘይነባን ለቅሶ ላውራችሁ?» ይላል። ሙሽሮቹ ሳይቀሩ ይስቃሉ። እኔም እዚያው ተቀምጬ እሰማለሁ። አንዱ ዝናቡን በረዶ ያደርገዋል። ሌላው «ጭቃው ላይ ተንከባለለች» ይላል። አልተንከባለልኩም። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሥሬ ደረቴን ደቃሁ እንጂ መሬት አልነካሁም።

ስለ እኔ የሚወራውን ሁሉ ላርም አልችልም። ይህችን ግን ራሴ ጽፌ ላስቀምጣት። ያፈርኩበትን አልደብቅም፤ ባላፈርኩበት ግን ማንም እንዲያሳፍረኝ አልፈቅድም።

ያን ጊዜ ባሌ ሐሰን ከሞተብኝ ዓመታት አልፈዋል። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ፣ በማታ ትምህርት እስከ ስምንተኛ ክፍል ገፍቼ፣ የሴቶች ማኅበር ጸሐፊ የነበርኩ ሴት ነኝ። ቤቴ ከሐይቅ ከተማ ወደ አምባሰል በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። ከደጄ ቁልቁል ሲያዩ ሐይቁና የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ይታያሉ። እንግዳ ሲመጣ «እንዴት ያለ ውብ ቦታ ነው» ይለኛል። ውበቱን አልበላው። የምበላው ከቤቴ በላይ ካለችው ማሳ የሚገኘውን ጤፍ ነው።

ድሮ ሁለት ማሳ ነበረን። ወንዝ ዳር ያለውን ጥቁር አፈር የባሌ ታናሽ ወንድም ሰይድ ወሰደው። የሐሰን ሐዘን ገና ሳይወጣ ጥማዱን ነድቶ ገባበት። «የአባቴ ውርስ ነው፤ ሐሰን በአደራ ነበር የያዘው» አለ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ምስክር ተጠራ። ሐሰን ሲያርሰው የኖረውን መሬት በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ሰይድ ፊት ሲደርሱ ምላሳቸው ታሠረ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ። ከዚያ ወዲህ እኔና ሰይድ ከተነጋገርን በአጥር ላይ ነው፤ በሬን አልፎ ገብቶ አያውቅም።

ያቺ የቀረችኝ አንድ ማሳ ናት እንግዲህ ነገሩ ሁሉ። በየዓመቱ «ሴት ብቻዋን አትዘልቀውም፤ ዘንድሮስ ለሰይድ የእኩል ትሰጠዋለች» ይባላል። እኔም በየዓመቱ ጤፌን ጎተራ አግብቼ አፋቸውን እዘጋለሁ። በዚያ ዓመት ደግሞ ልጄ መዲና እኔ ዘንድ መጥታ ወልዳ ነበር። ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት፣ ከጤና ጣቢያ በአላህ ቸርነት ነው በእግሯ የተመለሰችው። አራስ ቤቴ ተኝታ፣ ጤፍ ከሰይድ ጎተራ ተሰፍሮ ሲመጣልኝ ማየት ለእኔ ሞት ነበር።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ ቅሬያችን ልንገራችሁ። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀበራል፤ በአንድ ድንኳን ይለቀስለታል። ድንኳናችን አሮጌ ሸራ ነው፤ አንድ ጎኑ በማዳበሪያ ከረጢት ተጥፏል። ከሩቅ ሲያዩት ይታወቃል። ይህ ድንኳን ሰው ካልሞተ አይወጣም፤ ያለ ሟች ከተተከለ ሟች ይጠራል ይባላል። ያለ ሞት ያወጣው የቅሬው ዳኛ ከሆነ ከዳኝነቱ ይሻራል። ዳኛው ደግሞ ማን እንደሆነ ገምታችኋል፤ ሰይድ ነው። በሚያዝያ የገዛ ልጁን ሲድር ዝናብ ወርዶ ሰርገኛው በረት ውስጥ ከከብት ጋር ሲጋፋ እንኳ ድንኳኑን አላወጣም። «ደንብ ነው» ብሎ ሙሽሪትን ጎተራ ሥር አስቀመጣት። ያን ቀን እኔ በልቤ ስቄበታለሁ።

ነገሩ የሆነው ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። ጤፉ ታጭዶ ተከምሮ ውቂያው በወንፈል፣ ዛሬ ለእኔ ነገ ለአንተ እየተባለ ይካሄዳል። እኔ በጉልበት ፈንታ በሬዎቼን እሰጣለሁ። ተራዬ ደርሶ በማግስቱ ሊወቃልኝ ነው። አመሻሹ ላይ ሻይ ይዤ የሐሰንን ሬዲዮ ከፈትኩ። የአየር ትንበያ ነበር። አገሩ ሰፊ ነው፤ ተናጋሪዋ ከሁመራ ተነስታ ቦረና እስክትደርስ ሻዬ ቀዘቀዘ። ለሚቀጥሉት ሦስት ቀናት በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል የበጋው ደረቅ አየር ይቀጥላል፣ በባሌ ደጋዎች ውርጭ ይኖራል፣ በጋምቤላ ይሞቃል፣ አለች። ጨርሳለች ብዬ እጄን ወደ መዝጊያው ስሰድ፣ በምሥራቅ አማራ ጥቂት ቦታዎች ላይ ግን ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ሊጥል ስለሚችል ገበሬዎች የታጨደ ሰብላቸውን እንዲሰበስቡ አስጠነቀቀች።

ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብዬ አላውቅም። እንዲያውም በልቤ «ውቂያውን ማሳደር ሳይሻል አይቀርም» ብዬ ነበር። ያን ሐሳቤን ያበላሸው ሰይድ ነው።

ጀንበር ሳትጠልቅ አጥሬ ሥር መጥቶ ቆመ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ዘይነባ። አራሷ እንዴት ናት?»

«ወዐለይኩሙ ሰላም። አልሐምዱሊላህ።»

«ሬዲዮውን ሰማሽ?»

«ጆሮ አለኝ።»

«እንግዲያው ነገ ክምርሽ አይናድ። የወንፈሉን ልጆችም ነግሬያቸዋለሁ፤ ተራሽን ሦስት ቀን እናሳድረው። ክምሩ እንደቆመ ከሆነ ውኃው በላዩ ወርዶ ያልፋል።»

ነግሬያቸዋለሁ! እኔን ሳይጠይቅ።

«ሰማዩ የሚጠቁረው የዘይነባ ተራ ሲደርስ ነው?» አልኩት።

«ይህ የኔ ነገር አይደለም። አገር ያወቀው ነው።»

«አገሩማ ሰፊ ነው። ጥቂት ቦታ አለች እንጂ የዘይነባ አውድማ አላለችም። ቆቦ ይሆናል፤ ሌላ አገር ይሆናል።»

«አንች፣ ስምሽ በሬዲዮ እስኪጠራ ልትጠብቂ ነው?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ከሐሰን ሳቅ ጋር አንድ ነው፤ ለዚህም ነው የማልወደው።

«ተራዬን ወስደህ ያንተን ልታስወቃ ነው። መሬት መውሰድ የለመደ ሰው ቀን መውሰድ ምን ይከብደዋል?»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ከዘራውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «የኔን አይተሽዋል?» አለኝ።

«ያንተን የማይበት ዓይን የለኝም።»

«እንዲያ ከሆነ እሺ። አላህ ያሳየሽ።» ብሎ ሄደ።

ያ ጥያቄው፣ «የኔን አይተሽዋል?» ያለው፣ ለምን እንደጠየቀኝ ያን ጊዜ አልገባኝም። ወደ እሱ ማሳ ፊቴን አዙሬ ስለማላውቅ።

በማግስቱ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሰሃን ጠርቶ አደረ። ማለዳው ብርድ ነበር፤ ሐይቁ ላይ ጉም ቢኖርም ፀሐይ ሲወጣ ተነሳ። አየሁትና ደስ አለኝ። የወንፈል ሰዎች አልመጡም። እኔም መንሹን ይዤ በግቢዬ አውድማ ላይ ያለውን ክምሬን በራሴ እጅ ናድኩት። ጤፍ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለማያውቅ ግን ልንገረው። በደንብ የተከመረ ጤፍ እንደ ቤት ጣሪያ ነው፣ ዝናብ አይገባውም። ተንዶ አውድማ ላይ ከተበተነ በኋላ ግን አንድ ጥሩ ዝናብ ካገኘው ይጠቁራል፣ ከዚያ ይበቅላል። የተናደ ክምር ደግሞ በአንድ ሰው እጅ አይመለስም። እኔ የፈለግሁትም ይህንኑ ነው፤ ወደ ኋላ የማይመለስ ነገር ማድረግ።

መዲና ከውስጥ ተጣራች። «እማዬ፣ አጎቴ ይቆይ ብሎ አልነበር?»

«አጎትሽ ያለውን አጎትሽ ይብላው። ሐይቅ ወርጄ የቀን ሠራተኛ ይዤ እመጣለሁ። ከድጃ መጥታ አጠገብሽ ትቀመጣለች።»

ከድጃ ጎረቤቴ ናት። በዕድሜ ታላቄ፣ በአፍ የማንም ታላቅ። ያቺን በሰርጉ ሁሉ የምትወራ ቀልድ የፈጠረችው እሷ ናት፤ እደርስበታለሁ።

ሐይቅ ከተማ ደርሼ ባጃጆች የሚቆሙበት ጋ ሥራ ፈላጊዎቹን አገኘሁ። ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ጤፍ የሚወቃ አለ?» አልኳቸው።

እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ሻርፑን ከአፉ አወረደና «እማማ፣ ዛሬ? ሬዲዮ የለዎትም እንዴ?» አለኝ።

«ሰማዩን አታየውም? ደመና የት አለ?»

«እዚህ የለም። ወደ አፋር በኩል ይመልከቱ።»

ዘወር ብዬ አየሁ። ከሐይቁ ማዶ፣ ከተራራው ጀርባ፣ እንደ ጥቁር በግ ለምድ የመሰለ ነገር ብቅ ብሏል። «ያልፋል» አልኩ። «ጥቂት ቦታ ነው የተባለው።»

«እኛም እኮ ጥቂት ነን» አለ ሌላው፤ ሳቁ። የሚሄድልኝ አንድም አጣሁ። ዋጋ ልጨምር ብልም እምቢ አሉ። አንዱማ «የደረሰ ጤፍ አበላሽቼ እርግማን አልገባም» አለኝ። አገር ምድሩ የሰማውን ትንበያ ብቻዬን ቆሜ ስከራከር ራሴን አየሁት። ያኔ ጀመረኝ ሐፍረቱ፤ ግን ገና ቁጣ መስሎ ነበር የሚሰማኝ።

ላስቲክ ፍለጋ ወደ ሱቆቹ ሮጥኩ። ላስቲክ አልቋል። ብልህ ሰው ሁሉ ትናንት ገዝቶታል። ከሱቁ ስወጣ ነፋሱ ከሐይቁ ላይ ቀዝቃዛ ሆኖ መጣ። ዓሣ ሻጮቹ ሣጥናቸውን ይሸፍናሉ፤ ጀልባ ያላቸው ወደ ዳር ይጎትታሉ። ከዚያ ጠብ፣ ጠብ አለና ወረደ። የክረምት እንጂ የበጋ ዝናብ አይመስልም።

አንድ ባጃጅ ለመንኩ። እስከ አስፋልቱ መጨረሻ አድርሶኝ ቆመ። «እማማ፣ ከዚህ በኋላ ጭቃ ነው፤ አልወጣም።»

«ጤፌ ሜዳ ላይ ነው፣ ልጄ!»

«የእናቴ ግን ተከምሮ ነው ያለው» አለኝ፤ አዙሮ ወረደ።

በእግሬ ወጣሁ። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ፤ ትቼው ሄድኩ። በመንገዱ ሁሉ ሰይድን እረግማለሁ። ዝናቡን ያመጣው እሱ ይመስል። ጤፌ ሲጠቁር፣ ሰይድ በአጥሩ ላይ ቆሞ «አላልኩሽም?» ሲል፣ መሬቴን የእኩል ሲረከብ ይታየኛል። «ምን አለ የሱም በጠፋ!» አልኩ ጮክ ብዬ። አዎ፣ ብያለሁ።

ከቤቴ በታች ያለችው መታጠፊያ ላይ ስደርስ ቀና አልኩ።

የቅሬው ድንኳን በግቢዬ ቆሟል።

ያ በማዳበሪያ ከረጢት የተጣፈው ጎኑ ወደ እኔ ነው። በዙሪያው ሰው ይራወጣል፤ ወንድ ሴቱ፣ እስላም ክርስቲያኑ፣ ነጠላው ራሱ ላይ ተጣብቆ። ሐሰን የሞተ ዕለትም ድንኳኑ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ጎኑ ነበር የተተከለው።

መዲና። ሌላ ማን አለኝ? ያ ደም ተመልሶ መጥቷል። ትቻት ወጥቼ፣ ለግትርነቴ ስል ትቻት ወጥቼ።

እንዴት እንደ ወጣሁ አላውቅም። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሠርኩ፤ ደረቴን እየመታሁ፣ «ልጄን! ልጄን!» እያልኩ ገባሁ። ሰዉ ሁሉ ባለበት ደርቆ ቀረ። ከድንኳኑ አፍ ላይ ምሰሶውን በትከሻው ደግፎ ሰይድ ቆሟል። ውኃው ከሪዙ ላይ ይንጠባጠባል። እሱን ሳየው ለዓመታት የተጠራቀመው ሁሉ በአፌ ወጣ፤ በለቅሶ ዜማ፣ አገር በሚሰማው ድምፅ፦

«ወንድምህን ቀብረህ እርሻውን ያረስክ፣
ምን ቀረህና ነው ልጄን የወሰድክ?»

ደጋግሜ አልኩት። ማንም አልተቀበለኝም። ለቅሶ ላይ አንድ ሰው ሲያወርድ ሌላው ይቀበላል፤ እኔን ግን ዝናቡ ብቻ ነው የተቀበለኝ። ያኔ ነው የቤቴ በር የተከፈተው። መዲና ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልላ በሩ ላይ ቆማለች።

«እማዬ! ምን ሆነሻል? ማን ሞተ?»

እጄ ደረቴ ላይ እንደተጣበቀ ቀረ። ድንኳኑ ውስጥ አየሁ። ሰው የለም። ወለሉ አውድማዬ ነው፤ በላዩ ላይ ጤፌ ተሰብስቦ ተከምሯል፣ ከላዩም ላስቲክ ለብሷል።

ከድጃ ነበረች መጀመሪያ የተናገረችው። «አብሽሪ ዘይነባ! ሟችሽ ጤፍ ነው፤ እሱም ገና ነፍስ አለው!»

ሳቁ ፈነዳ። በዝናብ ውስጥ፣ ገመድና ካስማ የያዘ ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሰይድ ብቻ አልሳቀም። ምሰሶው እያንሸራተተው ስለነበር ወደ እኔ እንኳ በደንብ አላየም።

«ዘይነባ» አለኝ፣ «ገመዱን ያዢልኝ።»

ያዝኩለት። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ እሱ ምሰሶውን፣ እኔ ገመዱን ይዘን ቆምን። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ በሬን አልፎ የገባው ያን ቀን ነው። «አፉ በለኝ»፣ ይቅር በለኝ፣ ማለት ነበረብኝ። ቃሉ ጥርሴ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

ሰው ሲበተን መዲና ነገረችኝ። ደመናው ሲነሳ ሰይድ ከማሳው ሆኖ የተናደውን ክምሬን አየ። ሮጦ መጥቶ ሰው ጠራ፤ ጤፉን በጥድፊያ ሰበሰቡት እንጂ ከዳገቱ የሚወርደውን ውኃ ማገድ አልቻሉም። «የሚያድነው ድንኳኑ ነው» ብሎ የቅሬውን ዕቃ ቤት ቁልፍ ከወገቡ ፈታ። ሸራው በተጣፈበት በኩል ሲያፈስ ደግሞ ሄዶ የራሱን ላስቲክ አመጣ።

«ከየት ነው ያመጣው?» አልኳት።

«ከነዶው ላይ ገፎ።»

ያኔ ወጥቼ፣ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወደ ወንዝ ዳሩ ማሳ አየሁ። የሰይድ ጤፍ ገና ነዶ ነው፤ አልተከመረም እንኳ። ጥቁር አፈሩ ላይ በውኃ ተንጣሎ ተኝቷል። ሊወቃ የማይችለውን ጤፍ ልታስወቃ ነው ብዬ ነበር ተራዬን ቀማኝ ያልኩት። «የኔን አይተሽዋል?» ያለኝ ለዚህ ኖሯል።

በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀም። ዓርብ ከስግደት በኋላ ቅሬው ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ምክትል ዳኛው አቶ ታደሰ ተነሳ፤ ደግ ሰው ነው፣ ደንብ ላይ ግን እንደ ድንጋይ ነው።

«ድንኳን ያለ ሟች ወጥቷል። ያወጣውም ዳኛችን ነው። ደንቡ ምን ይላል?»

«ይሻራል» አለ ሰይድ ራሱ። «አጥፍቻለሁ።» ቁልፉን ከወገቡ ፈትቶ መሬት ላይ አኖረው።

ቁልፉን ሳየው ጆሮዬ ጋለ። የሰይድ ክብሩ ያች ቁልፍ ናት። ነዶውን በእኔ ምክንያት አጥቷል፤ አሁን ደግሞ ይህን። እኔ ደግሞ ይህ ሰው ሲዋረድ ለማየት ስንት ዓመት የተመኘሁ ነኝ።

ከድጃ ከሴቶቹ መካከል ተነሳች። «ኧረ ተው፣ አቶ ታደሰ! ያለ ሟች ወጣ እንጂ ያለ ለቅሶ አልወጣም። ተለቅሶበታል እኮ!»

ሳቅ ሆነ። አቶ ታደሰ ግን አልሳቀም፤ ጢሙን አሻሸ። «ነገር አለው» አለ። «ለቅሶ ከነበረ ድንኳኑ ሥራውን ሠርቷል። ወይዘሮ ዘይነባ፣ አልቅሰሻል?»

ተነሳሁ። «አልቅሻለሁ።»

«ከልብሽ?»

«ከልቤ።»

«ሙሾ አውርደሻል? ያልሽውን በይልን፤ ለቅሶ ይሁን ጩኸት እንለየዋለን።»

እናንተ የምታነቡኝ፣ እዚህ ላይ ነው ያፈርኩት። በዝናቡ ውስጥ ያልኩትን ያልኩት እብድ ሆኜ ነው። አሁን ግን ደረቅ ፀሐይ ላይ፣ አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ ሰይድ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ ያንኑ እንድደግም ተጠየቅሁ። እምቢ ብል ይሻራል። ልቀመጥ ጎንበስ ብዬ ነበር፤ ተመልሼ ቀና አልኩ። ያለ ዜማ፣ እንደ ተማሪ፣ ሁለቱንም ስንኝ አልኳቸው። ማንም አልሳቀም።

አቶ ታደሰ «ለቅሶ ነው» አለ። «ቁልፍህን አንሳ፣ ሰይድ።»

ሰይድ አላነሳውም። «አንድ ነገር ልበል» አለ። «ሁለተኛው ስንኝ ውሸት ነው፤ ልጇን አልነካሁም። የመጀመሪያው ግን እውነት ነው።» ከዚያ ቁልፉን አንስቶ ወገቡ ላይ አሠረና ሄደ።

ምላሳቸው የታሠረው እነዚያ ምስክሮች እዚያው ተቀምጠው ነበር። አንዳቸውም ቀና ብሎ አላየኝም።

ታሪኩን በሰርግ የሚያወሩት ከድጃ ስትቀልድ ላይ ያቆማሉ። ዋርካው ሥር የሆነውን አያወሩም፤ ስለሚነካቸው። እኔ ግን ስለ ሁለቱም አፍራለሁ። የወንዝ ዳሩ ማሳ ዛሬም በሰይድ እጅ ነው፤ አልተመለሰልኝም፣ እኔም አልተውኩለትም። በደሉ በደል ነው። ነገር ግን በደለኛዬን በዓይኔ ሳላይ፣ በጆሮዬ ሳልሰማ ስንት ዘመን እንደኖርኩ ያወቅሁት በዚያ ድንኳን ነው። ትንበያውን ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው አምነው ነበር። እናንተም በቤታችሁ የምትጠሉት ሰው እውነት ይዞ አጥራችሁ ሥር ሲቆም፣ ሰውየውን ባትወዱት እንኳ ወደ ሰማዩ ቀና በሉ።

«አፉ በለኝ» አላልኩትም፤ አሁንም አላልኩትም። በበጋ ግን አመሻሹ ላይ ሬዲዮውን ከፍቼ፣ ተናጋሪዋ አገሩን ዞራ ዞራ ወደኛ ስትደርስ፣ ጥቂት ቦታዎች ላይ ስትል፣ ሻዬን ትቼ እወጣለሁ። አጥሩ ላይ ቆሜ ወደ ወንዝ ዳሩ እጣራለሁ።

«ሰይድ! ሬዲዮውን ሰማህ?»

ሰምቶታል፤ ሁልጊዜም ይሰማዋል። ቢሆንም ከነዶው ላይ ቀና ይላል።

«ጆሮ አለኝ!» ይለኛል፤ በዚያ የሐሰንን በሚመስለው ሳቁ። ያን ሳቅ አሁን እስኪያልቅ ቆሜ እሰማዋለሁ።